እንጀራ የተከሰሰበት እከክ

የውሻ ጆሮ እንደ ከረመ ሊጥ ሲሸት፣ መዳፉን ሌት ተቀን ሲልስ፣ የብብቱ ቆዳ ጠቁሮ ሲወፍር ጎረቤት ሐኪም ሳይጠብቅ ይፈርዳል፦ «እንጀራ እያበላችሁት ነው፤ እርሾው በቆዳው ወጣ!» ክሱ ይማርካል። ቡሆ ኩፍ ሲል ያየ ሰው ስለ እርሾ አቅም ማን ይነግረዋል? ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሰምተናል፤ በበላበት ያክካል ለማለት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የእንጀራው እርሾ ምጣድ ላይ ሞቷል፤ የሞተ ደግሞ አይከሰስም። በውሻው ቆዳ ላይ የተገኘው ሌላ ዘር ነው፤ ማላሴዚያ ፓኪደርማቲስ ይባላል። በ1925 እ.ኤ.አ. ቆዳው ይላላጥ ከነበረ የሕንድ አውራሪስ ላይ ስለተገኘ «ወፍራም ቆዳ» የሚል ስም ወጣለት፤ ውሻ ይህን ስም የወረሰው ያለ ፈቃዱ ነው። ፈንገሱ በጤነኛ ውሻ ጆሮና ቆዳ ላይም በሰላም ይኖራል። ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል የሚበላው የቆዳውን ወዝ እንጂ ስኳርና ዱቄት አይደለም። ለእከኩ ቅቤ የሚቀቡ ሰዎች እንግዲህ ለማን ድግስ እንደደገሱ ያስቡበት።

«ታዲያ እንጀራ ስንከለክለው ለምን ተሻለው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ደህና ነው፤ መልሱ ግን ከእንጀራው ሳይሆን ከላዩ ነው። በእኛ ቤት ለውሻ ደረቅ እንጀራ ብቻ የሚሰጥ ስንቱ ነው? ወጡ፣ ሥጋው፣ ቅቤው ተከትሎት ይሄዳል። በውሾች የምግብ አለርጂ ከሚታወቁት ውስጥ የበሬ ሥጋ፣ ዶሮና ወተት ይገኛሉ። እንጀራው ሲቀር ወጡም ይቀራል፤ አለርጂው ሲበርድ ፈንገሱ ይመናመናል፤ ምስጋናው ግን ለእንጀራው መከልከል ይሰጣል። (የወጡ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚሰብር የራሱ የክስ መዝገብ አለው፤ እሱን ለሌላ ቀን።) ወዝና እርጥበት ሲበዛ ነዋሪው ወራሪ ይሆናል፤ መንስኤውም ከአለርጂ ሌላ ቁንጫ፣ የቆዳ እጥፋት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይፈልጉ ፈንገሱን ብቻ ማጠብ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደ መወልወል ነው።

«ምርመራ ውድ ነው» ለሚሉም፦ የእንስሳት ሐኪሙ ቆዳው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ያነሣል፤ ቀለም ውስጥ ነክሮ በማይክሮስኮፕ ያያል። የለውዝ ፍሬ የመሰለው ነገር ከበዛ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ክሎርሄክሲዲንና ማይኮናዞል እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ባለበት ሻምፑ፣ በሳምንት 2 ጊዜ፣ አረፋው 10 ደቂቃ ያህል ቆዳው ላይ እየቆየ ይታጠባል። ከሕክምናው ሁሉ ከባዱ ይህ 10 ደቂቃ ነው። ውሻው በሦስተኛው ደቂቃ ሰውነቱን ያራግፋል፤ ፈንገስ የሌለበት ባለቤቱም አብሮ ይታከማል።