አንዷ ፎቶ የማን ትሁን?

ግንቦት ልደታ ደጅ ካልተበላባት ልደታ አትባልም። ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ ማምሻውን የሚነደው እሳት ሁሉ ከቤት ውጭ ነው ወጉ። ስሙን ከደብሩ በወረሰው በልደታ ሰፈር ደግሞ ግንቦት 1 ቀን ሰፈሩም ከታቦቱ ጋር አብሮ የሚነግሥ ይመስላል። በዚያ ቀን በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ስንት ፎቶ እንደሚነሳ ፈጣሪ ይቁጠረው። ንፍሮው ድስት ውስጥ እያለ ይነሳል፣ ሲጠነፈፍ ይነሳል፣ ሲታደል ይነሳል፤ አንዳንዱ ንፍሮ ከአንዳንዷ ሙሽራ የበለጠ ፎቶ አለው። ችግሩ እነዚህ ሁሉ ፎቶዎች ባለቤት የላቸውም። በሁሉም ስልክ ውስጥ ስላሉ ሁሉም ሰው «እገሌ ጋ አለ» ብሎ ይተማመናል። የሚታወሱት ስልኩ ሞልቶ አልሠራም ሲል ብቻ ነው፤ ያኔም የሚታወሱት ለመሰረዝ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ የድሮው ፖላሮይድ ነው ብዬ ልሟገት ነው። ካሜራው ጮኾ ወረቀቱን ይተፋል፣ ምስሉ ዓይን እያየው ቀስ በቀስ ይፈካል፣ ከዚያ በኋላ ያለችው አንዲት ቅጂ ናት። ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ዋናው ሙያው ይኸው ነው እላለሁ። አንዲት ብቻ የሆነች ፎቶ የግድ የአንድ ሰው መሆን አለባት። የማን እንደምትሆን ለመወሰን ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ካስፈለገም መኳረፍ ይኖርበታል። ያለ ትንሽ ኩርፊያ ደግሞ የትኛው በዓል አልፎ ያውቃል?

ነገሩ ሲጀመርም የተጀመረው በቤተሰብ ጥያቄ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1943 ኤድዊን ላንድ የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ሳንታ ፌ ከተማ ለእረፍት ሄዶ ልጁን ፎቶ ያነሳታል፤ የሦስት ዓመቷ ልጅም «ለምን አሁኑኑ አላየውም?» ትለዋለች። እኛ ዘንድ ቢሆን መልሱ «አርፈሽ ተቀመጪ» ስለሆነ ፈጠራው እዚያው ላይ ይቀር ነበር። ላንድ ግን ጥያቄውን ከቁም ነገር ቆጥሮት በ1947 ውጤቱን ለሳይንስ ሰዎች አሳየ፤ በኅዳር 1948 የመጀመሪያው ካሜራ ቦስተን ውስጥ በ89 ዶላር ከ75 ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት፣ ፎቶውን በሞተር ገፍቶ የሚያወጣው ኤስኤክስ-70 የመጣው በ1972 ነው። ኮዳክ «እኔም ልሥራ» ብሎ ሲገባ የፈጠራ መብት ክስ ተመሠረተበት፤ ከ1976 ጀምሮ ተሟግተው በ1991 ኮዳክ 925 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ተገላገለ። ልደታ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ባለጉዳይ ይህን ሰምቶ ይጽናና፤ ቀጠሮ አሜሪካም አለ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ፎቶ በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ያነሳ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ከኋላ ለመጡት ነገሥታት አገልግለዋል። ቀጥሎ ፎቶ ቤቶች መጡና የከተማው ሰው ክት ልብሱን ለብሶ በተሳለ መጋረጃ ፊት መቆም ጀመረ። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚስቅ ሰው ብርቅ ነው። አባት ችሎት ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እናት ጉልበቷ ላይ የተዘረጋውን ነጠላ ትጠብቃለች፣ ልጆቹ መተንፈስም የተፈቀደላቸው አይመስሉም። ካሜራው ቀርፋፋ ስለነበር ነው የሚል አለ፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ግን ካሜራው ለአንድ ፈገግታ ከበቂ በላይ ፈጣን ነበር። ሰውየው የማይስቀው ፎቶው ለማን እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ቀን ተመዝግቦበት፣ ተፈርሞበት ለአክስት፣ ለወዳጅ፣ ለእጮኛ ይሰጣል። የቀረው አልበም ውስጥ ይገባና ቡና እስኪፈላ ድረስ ለእንግዳ ይቀርባል። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ዝግጅት ከነዋሪዎች አልበም የሰበሰባቸውን የቤት ፎቶዎች አሳትሞ ያሳየን ይህንኑ ነው፦ እያንዳንዱ ፎቶ ጠባቂ ነበረው። ፖላሮይድ ደግሞ ለዚህ ልማድ የተሰፋ ይመስላል። ከታች ያለው ሰፊ ነጭ ጠርዝ የተሠራው ምስሉን የሚያፈካው ኬሚካል እንዲታሸግበት ቢሆንም፣ «ለውድ እህቴ» ብሎ ለመጻፍ ልኩ ነው፤ መገልበጥም አያስፈልግም።

ዋናው ጨዋታ ግን ቁጥሩ ላይ ነው። ዛሬ የሚሸጠው አንድ የፖላሮይድ ካርትሬጅ 8 ፎቶ ብቻ ይይዛል፤ ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሸጠው ኢንስታክስ ደግሞ 10። ስምንት ፎቶ ይዞ ግንቦት ልደታ ላይ መውጣት ምርጫ ቦርድን ያስንቃል። የመጀመሪያዋ የአያት ናት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሁለተኛዋ የልጆቹ ትሆናለች፣ ግን የእህትየው ልጆች ብቻ ከገቡ የወንድምየው ሚስት ታኮርፋለች። ሦስተኛዋ ላይ ያልተጠራው ጎረቤት ጥግ ይዞ ይገባል፤ ከተነሳ በኋላ ማውጣት አይቻልም። አራተኛዋ ላይ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። በስልክ ቢሆን «እንደገና!» ተብሎ ያልፍ ነበር፤ እዚህ ግን የተጨፈነው ዓይን ለዘላለም እንደተጨፈነ ይኖራል፣ ባለቤቱም ለሠርጉ ሳይቀር ይነሳበታል። ከስልክ ላይ ከተደረደሩት አራት መቶ የተመረጡ ፊቶች ይልቅ ያቺ አንዲት ጭፍን ሰውየውን ትመስላለች ቢባል ማን ይክዳል?

«ይህ የሀብታም ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ፊልሙ ሱቅ ወርዶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዷ ጠቅታ ከአንድ ቡና ዋጋ ትበልጣለች። ልደታ ግን ከሻንጣ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈውና የሚነሳው ልደታ ሜዳ ላይ ነበር፤ አየር መንገዳችንም እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ሲጀምር መነሻው እሱ ነው። ቆየት ብሎ የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ፎቆቹ ሲተከሉ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። እንዲህ በተበተነ ሰፈር ዘንድሮ ንፍሮ አብሮ የበላውን ሰው ቆጥሮ መያዝ ቅንጦት አይመስለኝም። ደግሞ ለዓመት በዓል በግ ሲገዛ ያልተጠየቀ የዋጋ ጥያቄ ለስምንት ፎቶ ሲሆን ለምን ይነሳል? በጉ ማታውን ያልቃል።

ጠንከር ያለውን ተቃውሞ ግን መዝለል አልችልም። ፖላሮይድ የበዓል ካሜራ ብቻ አልነበረም። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሮች እንዲይዙ ለሚገደዱት የይለፍ ደብተር ፎቶ ማንሻ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1970 ኬን ዊሊያምስና ካሮላይን ሀንተር የተባሉ የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች ይህን አጋልጠው ተቃውሞ አስነሱ፤ ኩባንያው ከዚያ አገር ጨርሶ የወጣው በ1977 ነው። የእኛም ሰው ቢሆን ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌ ሲመጣ ፊቱን በጉርድ ፎቶ ማስረከብ ለምዷል፤ «ሁለት ጉርድ ይዘህ ና» ያልተባለ ዜጋ የለም። ይህ ታሪክ ግን ክርክሬን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠብቅ ነው። የይለፍ ደብተሩን ፎቶ ከልደታው ፎቶ የሚለየው ካሜራው አይደለም፤ ፊቱ በማን እጅ ቀረ የሚለው ነው። ጉርዱ ፋይል ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን ይጠብቀዋል፤ የቡፌውን መስታወት ተደግፋ የቆመችውን ግን የሚጠብቃት ባለቤቷ ነው።

«ታዲያ ይደበዝዛል፣ ደግሞስ በስልክ አንስቶ ማባዛት ይቻል የለ?» ይባላል። ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ ይፈጥናል። ማባዛቱም ይፈቀድ፤ ዋሽንግተን ያለው አጎት በቴሌግራም ይድረሰው። ዋናዋ ማን ቤት እንዳለች ግን አጎትየውም ይጠይቃል፤ ጥያቄው መጠየቁ ነው የተፈለገው። ቴክኖሎጂው ሞቷል የሚለውም ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ፊልም መሥራት ሲያቆም ኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ የነበረውን የመጨረሻ ፋብሪካ ጥቂት አፍቃሪዎችና የቀድሞ ሠራተኞች ተረክበው አስነሱት፤ ዛሬ ፊልሙ ከዚያው ይወጣል።

ለመሞከር የቆረጠ ቤተሰብ ካለ ሁለት ነገር ይወቅ። ፊልሙ የሚስማማው ከ13 እስከ 28 ዲግሪ ባለው አየር ነው፤ ይህ የአዲስ አበባ የግንቦት ቀን ነው ማለት ይቻላል። ወረቀቱ እንደወጣ ከብርሃን መከለል አለበት፣ ለዚህም ነጠላ አለ፤ ማታ ሲበርድ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋልና የአያት ጋቢ ውስጥ ይግባ። ማራገብ ግን አይገባም፤ ያ ልማድ እርጥብ ሆኖ ከሚላጠው የጥንቱ ፊልም የተወረሰ ነው። የሚቀረው ካሜራውን ማን ይያዝ የሚለው ነው፤ የሚያነሳው ሰው ከሁሉም ፎቶ ይጎድላልና። በዚህ ረገድ አማችን የሚያህል የለም። እምቢ አይልም፣ እጁም ከአክብሮት የተነሳ አይንቀጠቀጥም፤ ቢጎድልም መጉደሉን የምታስተውለው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም በአምስተኛዋ ላይ ፊቷ በከፊል ስለተቆረጠ ለጊዜው ሌላ ጉዳይ ይዛለች።