ሞኝና ሞላ

የመኪናዬን ሞላ የቆረጥኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ነው። መኪናዋ የ1991 ማዝዳ ሚያታ ነች፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ። አራቱን ሞላዎች አውጥቼ ካርቶን ላይ ደረደርኳቸው፣ በጠመኔ ምልክት አደረግሁባቸው፣ ከእያንዳንዳቸው አንድ ዙር በግራይንደር ቆረጥኩ። ለመቁረጫው ዲስክ የከፈልኩት ከአንድ ምሳ ዋጋ ያንሳል። ወደ ማታ ከክሪክ ላይ ሳወርዳት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ቁጭ አለች። ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና እስኪጨልም ድረስ አየኋት።

ይህ ሥራ ሞኝነት ነው። ላወድሰው የተነሳሁትም ሞኝነት መሆኑን አውቄ ነው። ብልህ ሰው ምስክር አያጣም፤ ሞኝ ግን የሚሟገትለት ካላገኘ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ይህን ተረት እንደ ስድብ ሰምቼው አላውቅም። የያዘውን የማይለቅ ሰው አንድ የሚወደው ነገር አለው ማለት ነው።

በመጀመሪያ የነካሁት ነገር ምን እንደሆነ ልናገር። ሚያታ እ.ኤ.አ. የካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ስትታይ በአሜሪካ 13,800 ዶላር ዋጋ ተተመነላት። ሥራውን የመሩት ቶሺሂኮ ሂራይ «ጂንባ ኢታይ» የሚለውን የጃፓኖች አባባል መመሪያቸው አደረጉት፤ ፈረሰኛውና ፈረሱ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ጀግናው በፈረሱ ስም በሚጠራበት፣ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» ምኒልክ «አባ ዳኘው» በተባሉበት አገር ላደገ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። መሐንዲሶቹ ለዚህ አንድነት ሲሉ ከአራቱ ጎማዎች እያንዳንዱን ከላይና ከታች በሁለት ክንድ አንጠለጠሉት። በዚያ ዘመን በብዙ ርካሽ መኪና ላይ የማይገኝ አሠራር ነበር። መነሻ አርአያቸው የ1960ዎቹ የእንግሊዝ መኪና ሎተስ ኤላን ስትሆን፣ የሎተስ ጥበብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሞላው ለስላሳ፣ ሾክ አብዞርበሩ ብርቱ፣ መኪናው ቀላል። እነዚህ ሰዎች ዓመታት ወስደው ያመጣጠኑትን ቁመት እኔ በአንድ ከሰዓት ቀየርኩት።

ለምን ቢባል፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ስላለው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የመተንፈሻ ቦታ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የሚወጣበት፣ ሻንጣና እንግዳ ሲጫን ሞላው የሚያጥርበት። እኔ ግን መኪናዋን በገዛሁ ማግስት ካየሁት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። አጭር ሱሪ የለበሰ ሙሽራ ትመስል ነበር። አሁን ጎማውና ቆርቆሮው ተቀራርበዋል፤ የቆመችው መኪና የምትሮጥ ትመስላለች። ውበት ምክንያት አይሆንም የሚል ሰው የጥበብ ቀሚስ ጥለት ለምን እንደሚጠለፍ ያስረዳኝ።

ይህ ሞኝነት የዘር ሐረግ አለው፤ ግንዱም የምኖርበት ከተማ ነው። በ1940ዎቹ የሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ልጆች ለአዲስ መኪና የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም። አሮጌ ሼቭሮሌት ገዝተው የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋና የሲሚንቶ ጆንያ እየጫኑ አወረዱት፤ ቀጥሎም ሞላ መቁረጥ ጀመሩ። ሌላው አሜሪካዊ ፍጥነት ሲያሳድድ እነሱ «ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ» የሚል መርሕ ይዘው በዊቲየር ጎዳና ተመላለሱ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት ሮን አጊሬ የተባለ የሳን በርናርዲኖ ወጣት ከአውሮፕላን ትርፍ ዕቃ የተገኘ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ኮርቬቱ ላይ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ መኪናው ከፍ ይላል፣ ፖሊስ ሲሄድ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ በሃይድሮሊክ የሚነሳና የሚወርድ መኪና ባህል የተወለደው አንድ ሰው ስፖርት መኪናውን ዝቅ አድርጎ ለመንዳት ከነበረው ጽናት ነው። ክልከላው የተነሳው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ነው። ሥልሳ ስድስት ዓመት የያዙትን አልለቀቁም።

ይህ የድሃ ሰፈር ነገር ብቻ ነው እንዳይባል ሀብታሞቹንም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1981 የፎርሙላ 1 ሕግ በመኪናውና በመሬት መካከል ቢያንስ 6 ሴንቲሜትር ክፍተት እንዲኖር አዘዘ። የሚለካው ግን መኪናው ቆሞ ሳለ ነበር። የብራባም ቡድን መሐንዲስ ጎርደን መሪ መኪናው ሲሮጥ አየሩ ተጭኖ የሚያወርደው፣ ሲቆም ቀስ ብሎ የሚነሳ መሣሪያ ሠራ፤ ሾፌሩ ኔልሰን ፒኬም በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህ ደግሞ ማንም ከመጠን በላይ እንዳይወርድ መኪኖቹ ሆድ ሥር ጣውላ ይታሰራል። በ2023 በቴክሳስ ሁለተኛ የወጣው ሉዊስ ሃሚልተንና ስድስተኛ የወጣው ሻርል ለክሌር ጣውላቸው ከተፈቀደው በላይ ተፍቆ በመገኘቱ ውጤታቸው ተሰረዘ። የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች ለአንድ ሚሊ ሜትር ሲሉ ውጤት አጥተዋል። እኔና እነሱ የምንለየው በገንዘብ ነው፤ በሽታችን አንድ ነው።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። መኪና መታጠፊያ ላይ ክብደቱ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጪኛው ይሻገራል። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ላይ ያለ መኪና 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ሲል፣ በዚያው ፍጥነት በዚያው መታጠፊያ የሚሻገረው ክብደት በ10 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ወገብ ያውቀዋል። ከሳንታ ሞኒካ በላይ ባሉት ተራሮች ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መሪውን ሳዞር መኪናዋ ሳትንገዳገድ ዞር ትላለች።

ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ሞላ የሚቆረጠው ከቁመቱ ብቻ አይደለም። ስድስት የሚሠራ ዙር የነበረው ሞላ አንዱ ሲቀነስለት እያንዳንዱ ዙር በዚያው ሸክም የሚያጥረው ያንኑ ያህል ስለሆነ አምስቱ በድምሩ ከስድስቱ ያነሰ ያጥራሉ፤ ስለዚህ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። መጠንከሩ በጀ፣ ምክንያቱም የሚንቀሳቀስበት ቦታ አጥሯል። ያም ሆኖ የፋብሪካው ሾክ አብዞርበር የተሠራው ለቀድሞው ሞላ ነው፤ አዲሱን ጥንካሬ አይገታውም፣ መኪናዋም ጉብታ ካለፈች በኋላ ትዘላለች። ጉድጓዱ ጠለቅ ካለ ደግሞ ሞላው ያልቅና ክንዱ ማቆሚያው ላስቲክ ላይ ይመታል። በዚያች ቅጽበት መኪናዋ ሞላ የላትም። ጎማዎቹም ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ አላይመንት ካልተሠራ ከውስጥ በኩል ብቻ ይበላሉ፤ ከውጭ ለሚያያቸው አዲስ ይመስላሉ።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ውስጣቸው አለቀ። የኋላ ግራው ሾክ አብዞርበር ዘይት አፈሰሰ። ሁለት ጊዜ አላይመንት ከፈልኩ። ሁሉንም ደምሬዋለሁ፤ ለዚሁ መኪና ተለክቶ የተሠራ አጭር ሞላ ከነሾክ አብዞርበሩ ይገዛልኝ ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ደርሷል። ነገር ግን ተረቱ የማይናገረው አለ። ያን ቅዳሜ ኪሴ ውስጥ የነበረው የዲስኩ ዋጋ ብቻ ነው። ገንዘብ በአንድ ጊዜ የማይመጣለት ሰው ውድ የሆነውን ነገር በርካሽ ይጀምርና በክፍያ ይጨርሰዋል። ሱቅ በደረቴ የጀመረ ነጋዴ ይህን ያውቃል። ያን ትርፍ ገንዘብ የከፈልኩት ለትምህርት ነው፤ ዛሬ አንድ የተበላ ጎማ ሳይ የትኛው ክንድ እንደተጣመመ እናገራለሁ።

ውዳሴዬ ግን ድንበር አለው። ሞላን በእሳት አግሎ የሚያወርድ አለ፤ ያን አላወድስም። ብረቱ ኃይሉን የሚያገኘው በፋብሪካ ተግሎና ቀዝቅዞ በያዘው ጠባይ ነው፤ እሳት ሲነካው ያ ጠባይ ይጠፋል፣ ሞላውም ሳይታሰብ ይከዳል። ሁለት ሦስት ዙር የሚቆርጥም አለ፤ ያንንም አላወድስም። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ሞላው ላልቶ ከመቀመጫው ይወጣል፣ መኪናው ተመልሶ ሲያርፍ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ሞላን ያለመጭመቂያ መፍታትም ሰው ይገድላል። ሞኝነት የሚወደሰው የራስን ወገብና የራስን ኪስ ሲያስከፍል ነው። መንገዱ ላይ የሌሎች ሰዎች ልጆች አሉ።

ፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ከምትባለው ሰፈር፣ አንድ የመርካቶ ልጅ የሆነ መካኒክ ወዳጅ አለኝ። መኪናዋን ሲያያት ቡናውን አስቀምጦ ተነሳ፣ ተንበርክኮ ሥሯን ተመለከተ። «አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ። «እኔ አገር ቤት እያለሁ ስንቱን ቪትዝ ሞላው ላይ ጎማ እየጎዘጎዝኩ ከፍ አድርጌያለሁ። ሰው የዘይት ኮፓው መሬት እንዳይነካበት ይለምነኛል። አንተ አስፋልት አገር መጥተህ ታወርዳለህ?» እውነቱን ነው። ያው ሞላ እዚያ ለኑሮ ሲባል ይነሳል፣ እዚህ ለፍቅር ሲባል ይወርዳል። ይህን ብሎኝ ሲያበቃ ግን የኋላውን ሞላ መቀመጫ በእጁ ዳሰሰ፤ የቆረጥኩበት ጫፍ በደንብ አለመቀመጡን አሳየኝና ከሰዓቱን ሙሉ ሲያስተካክልልኝ ዋለ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። ለብልህ ሥራ እንዲህ ያለ ረዳት የሚነሳ አይመስለኝም፤ ብልህ ሰው ረዳት አያስፈልገውምና።

ባለፈው ዓመት አባቴ ከእንጅባራ መጥተው ነበር። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በሚሰባሰቡባት ከተማ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ፈረስ ከመጋለብ ያቆሙት ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ነው። ወንድሜ ትልቅ መኪና ስላለው በዚያ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። «ያንተን አሳየኝ» አሉ። በሩን ከፈትኩላቸው፤ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ትከሻዬን ይዘው፣ ወደ መሬት ወረዱ እንጂ ገቡ አይባልም።

እያንዳንዱን ጉብታ በሰያፍ አለፍኩት፤ አንዱን ጎማ አስቀድሜ፣ ሌላውን አስከትዬ። ከቤቴ እስከ ፌርፋክስ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የትኛው የጉድጓድ ክዳን እንደሰመጠ፣ የትኛው የዛፍ ሥር አስፋልቱን እንደገፋው። በትልቅ መኪና በነዳሁባቸው ዓመታት በዚሁ መንገድ ስመላለስ አንዱንም አላየሁም ነበር። አባቴ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አድርገው ዝም አሉ። ወገባቸውን እንዳላሳምማቸው ፈራሁ።

«አባባ፣ አስቸገርኩዎት?» አልኳቸው።

«የለም» አሉ። «ጥሩ ፈረስ ረግረጉንም ድንጋዩንም በጀርባው ይነግርሃል። የወንድምህ መኪና ዝም ያለች ናት። ይቺ ትናገራለች።»

ስንመለስ በሰፊው አውራ ጎዳና ልወስዳቸው ፍሬቻ አበራሁ። እጄን ያዝ አደረጉና በመጣንበት እንድመልሳቸው ጠየቁኝ።