ቀስ ብሎ የሚያበስል መሣሪያ በቁስቋም፦ የመስክ ጥናት

መግቢያ

"ስሎው ኩከር" የሚባለው የኤሌክትሪክ ድስት በዓለም ገበያ ከዋለ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሥጋውን፣ አትክልቱንና ውኃውን ጠዋት ይጨምሩበታል፤ ይከድኑታል፤ ይሰኩታል፤ ሥራ ውለው ሲመለሱ እራቱ ደርሶ ይቆያቸዋል። ይህ ጥናት የተነሣው ዕቃው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በቁስቋም አካባቢ ያልተለመደበትን ምክንያት ለማወቅ ነው። በመስክ የተገኘው ግን ሌላ ነው። ቀስ ብሎ የሚያበስለው መሣሪያ በአካባቢው በየግቢው ከጥንት ጀምሮ አለ። ሶኬት ስለሌለው ብቻ ከዕቃ ዝርዝር ሳይገባ ቀርቷል።

የቀደሙ ጥናቶች

በውጭው ዓለም የዘርፉ አባት ኧርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ናክሰን ለባቄላ ማብሰያ ድስቱ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን፣ ሐሳቡን የወሰደው እናቱ ትነግረው ከነበረ ታሪክ ነው። በሊትዌኒያ ይኖሩ የነበሩ የእናቱ ወገኖች ዓርብ ሰንበት ሳይገባ "ቾለንት" የሚባለውን የባቄላና የሥጋ ወጥ ለሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ይሰጡ ነበር። ድስቱ በምድጃው የተረፈ ሙቀት ሲበስል ያድርና በማግሥቱ ይወጣል። ራይቫል የተባለው ኩባንያ የናክሰንን ድርጅት በ1970 ገዛ፤ በ1971 ዕቃውን "ክሮክ ፖት" ብሎ ለገበያ አቀረበ። ማስታወቂያው ያነጣጠረው ከቤት ወጥተው መሥራት በጀመሩ ሴቶች ላይ ነበር። ባልየው ለምን እራት እንደማይሠራ ማስታወቂያው አላነሣም። ይህ ጥናትም ጥያቄውን ለጊዜው ከወሰኑ ውጪ አድርጎታል።

በአገራችን በዘርፉ የሚጠቀሰው ቀዳሚ ግኝት "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" የሚለው ነው። ግኝቱ ለረጅም ዘመን በፖለቲካ ተንታኞች እጅ ስለቆየ ከወጥ ጋር ያለው ዝምድና ተዘንግቷል። ሙከራው ግን በየጊዜው ተደግሟል። ጉልቻው በከሰል ምድጃ፣ ከሰሉ በቡታጋዝ፣ ቡታጋዙ በኤሌክትሪክ ምድጃ ተለውጧል፤ ጣዕሙ ባለበት ነው። ይህን ሁሉ ለውጥ ችሎ ጣዕሙን ያቆየው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ተመራማሪ አልተገኘም።

የጥናቱ ቦታና ጊዜ

ቁስቋም ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሰፈር ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ገደማ ላይ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢያነዱት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥጋ ጅቡቲም ቁስቋምም ቢጣድ የቁስቋሙ ይዘገያል። የሌላ አገር ሰው ወጡ እንዲዘገይለት ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ ይገዛል፤ የቁስቋም ነዋሪ ግን ይህን አገልግሎት ከተራራው በነፃ ያገኛል።

ጊዜው የተመረጠው ለኅዳር 6 ነው። በዚህ ዕለት ሰፈሩ ስሙን የወሰደባት የቁስቋም ማርያም ዓመታዊ በዓል ይከበራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚቆየው የ40 ቀን ጾመ ጽጌም በዚሁ ዕለት ይፈታል። ጾሙ የፈቃድ ነው። ከጾሙ በኋላ የሚሆነው ነገር የዶሮው ፈቃድ አልተጠየቀበትም። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ግን ለዶሮው አንድ ቀን ይጨመርለታል።

መሣሪያ አንድ፦ ከውጭ የመጣው

በጥናቱ ወሰን ውስጥ አንድ ስሎው ኩከር ተገኝቷል። ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው። በአሁኑ ጊዜ ሳሎን ቡፌ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉ ገለጥ ሲደረግ በመስታወት ክዳኑ በኩል የውኃና የመብራት ደረሰኞች፣ ሁለት የሠርግ መጥሪያ ካርዶች፣ መርፌና ክር፣ እንዲሁም ቁልፉ የጠፋ አንድ ጓጉንቸር ይታያሉ። አምራቾች ምግቡ ሳይደርስ ክዳኑ እንዳይከፈት አጥብቀው ይመክራሉ። ቤተሰቡ ምክሩን እስከ ዛሬ አክብሯል።

ዕቃው ለምን ሥራ እንዳልጀመረ ሲጠየቅ "እሱማ የአሜሪካ ነው" የሚል መልስ ተሰጥቷል። መልሱ በፊዚክስ የተደገፈ ነው። በአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ሲሆን በእኛ ዘንድ 220 ነው። ዕቃው ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። በዝግታ እንዲያበስል የተሠራው ድስት በፍጥነት ያበስላል፤ ቀጥሎም በፍጥነት ይቃጠላል።

ትራንስፎርመር ተገዛ እንበል። ሁለተኛው ጉዳይ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ዕቃው ምግቡን ለብ ባለ ሙቀት ይዞ ይቀመጣል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ደግሞ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ሥራ የዋለው ባለቤት ማታ ሲመለስ መብራቱ መጥቶ ድስቱ ሞቅ ብሎ ያገኘዋል። በመሀል ለስንት ሰዓት ቀዝቅዞ እንደነበረ የሚነግረው የለም። የከሰል ምድጃ ሲጠፋ ግን የሚሳሳት የለም።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ሽንኩርት ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል። ሦስት ኪሎ እንያዝ። ከሽንኩርት ክብደት 89 በመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ፣ ሽንኩርት ብለን ከከተፍነው ውስጥ 2.7 ኪሎ ገደማ የከተፍነው ውኃ ነው። ቁሌት እንዲሆን ግማሹ ይትነን ብንል፣ 200 ዋት የሚስብ ስሎው ኩከር ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሙቀቱም ምንም ሳይባክን፣ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ከተከደነ ደግሞ እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ጤዛ ሠርቶ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሽንኩርቱም ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። በተቀቀለ ሽንኩርት ስለተሠራ ዶሮ ወጥ አጥኚው አንዲት የሰፈሩን እናት አስተያየት ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ ለኅትመት አይበቃም።

መሣሪያ ሁለት፦ የአገር ውስጡ

ሁለተኛው መሣሪያ የተገኘው በዚያው ግቢ፣ ከሳሎኑ ጀርባ ባለው ማድ ቤት ነው። ሰዎቹ "እማማ" ብለው ይጠሩታል። ባሕርያቱ እንደሚከተለው ተመዝግበዋል።

የኃይል ምንጭ፦ ቡና፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።
ሙቀት መቆጣጠሪያ፦ ረመጡን አመድ ማልበስ፤ ሲያስፈልግ በማራገቢያ መቀስቀስ።
ሰዓት ቆጣሪ፦ አፍንጫ።
የማስጠንቀቂያ ድምፅ፦ "ኧረ ያን በር ዝጉት፣ ንፋስ ገባ!"
የዋስትና ጊዜ፦ የለም።
መለዋወጫ፦ ትልቋ ሴት ልጅ።

መሣሪያዋ ሥራ የምትጀምረው በዋዜማው ነው። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፤ ዘይት በሌለበት ድስት ይጣዳል። ከዚህ በኋላ ማማሰያው ከእጇ አይወርድም። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውኃውን ይተፋል፤ ከዚያ ውኃውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ድስቱን ሊይዝ ይሞክራል። ሊይዝ ሲል ጠብ የምትደረገው ሙቅ ውኃ ልኳ በየትም አልተጻፈም። ቀጥሎ በርበሬው ይገባል። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ድረስ ይቁላላል፤ ቅቤው ይከተላል። በዚህ ጊዜ ዶሮው በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ ታጥቦ፣ 12 ብልቱ ተለይቶ ተራውን ይጠብቃል።

የዶሮው ዓይነትም በጥናቱ ታይቷል። የፈረንጅ ዶሮ በዚህ ሂደት ቶሎ ይፈርሳል። የሐበሻው ዶሮ ሲሮጥ ያደገ ስለሆነ ጅማታም ነው፤ በጅማቱ ያለው ኮላጅን የሚባለው ነገር ግን ከ70 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ መረቁን የሚያወፍረውም እሱ ነው። የቁስቋም 91 ዲግሪ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። የሚጎድለው ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጊዜውን የምታዋጣው መሣሪያዋ ናት።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ይህ ነው። ዋዜማው ጾም ስለሆነ መሣሪያዋ የምትሠራውን አትቀምስም። ቅቤው መብዛቱን፣ ጨው መያዝ አለመያዙን የምታውቀው በማሽተት ነው። ውዝግብ ሲነሣ አንድ ሕፃን ተጠርቶ ይቀምሳል፤ ሕፃኑ የሚሰጠው ውጤት ሁልጊዜ "ይጨመርልኝ" ስለሆነ በመረጃነት አልተያዘም።

አጥኚው የማብሰያ ጊዜውን ለመመዝገብ መሣሪያዋን አነጋግሯል።

"እማማ፣ ወጡ መቼ ይደርሳል?"

"ሊደርስ ነው፣ ልጄ።"

"በሰዓት ቢሆን ስንት ይሆናል?"

"አንድ ሁለቴ ላማስለው። አንተ ደግሞ ቁጭ በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።"

ከምሽቱ ሁለት ሰዓትም፣ አራት ሰዓትም፣ ስድስት ሰዓትም ውጤቱ "ሊደርስ ነው" ነበር። ከመረጃ ጥራት አንፃር ይህን ያህል ያልዋዠቀ ልኬት በሌላ መሣሪያ አልተገኘም።

ውይይት

በዚያው ሰዓት ሳሎን የተቀመጡ አባወራዎችም ለጥናቱ ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። ሁሉም ያለ ልዩነት "ወጥ ሲቸኩሉበት አይሆንም" የሚል አቋም አላቸው። አቋሙ የተገለጸው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሲሆን፣ የአቋሙ ጽናትና የሶፋው ምቾት ያላቸው ግንኙነት ሌላ ጥናት ይፈልጋል። አንደኛው አባወራ ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለውን ነው። ተረቱ ሲመረመር ያፈሰሰችውም እሷ፣ የለቀመችውም እሷ ናት። ማን እንዳስቸኮላት ግን አይናገርም።

"ለአፍ ዳገት የለውም" የሚለውም በመስክ ተፈትሿል። ለአፍ በእርግጥ የለውም። ሽንኩርትና ከሰል ተሸክሞ ወደ ቁስቋም ለሚወጣ ሰው ግን ዳገቱ በቦታው አለ።

በማግሥቱ ወጡ ሲወጣ ክፍፍሉም ተመዝግቧል። ፈረሰኛው ለአባወራው ቀረበ። መሣሪያዋ ስትጠየቅ "እኔ ሽታው አጥግቦኛል" ብላ ክንፍ ወሰደች። ሌሊቱን ምድጃ ሥር ያደረ ሰው በሽታ ይጠግባል የሚለው በሳይንስ አልተረጋገጠም፤ በቁስቋም ግን ማንም አስተባብሎት አያውቅም።

ጉዳዩ የአንድ ግቢ ብቻም አይደለም። ከዚህ ሰፈር በላይ፣ ተራራው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም በ1880 ዓ.ም. ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር ለቀናት የዘለቀ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይጽፉለታል። የእቴጌይቱ ስም በክብር ተጠብቋል። ያን ሁሉ ሽንኩርት የከተፉት ሴቶች ስም ግን ለእኛ አልደረሰም። እነሱም በሰዓቱ "ሊደርስ ነው" ብለው እንደነበር መገመት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ አንድ መደምደሚያ ይወጣል። ጉልቻ ሲለዋወጥ ወጡ የማይለወጠው ጉልቻው ዋናው መሣሪያ ስላልሆነ ነው። ስሎው ኩከር በሌላው አገር የፈታው ችግር ምግብ ማዘግየት አልነበረም፤ ማዘግየትማ ማንም ያውቅበታል። የፈታው የምታበስለው ሰው በሩን ዘግታ መውጣት አለመቻሏን ነው። በቁስቋም ይህ ችግር እስካሁን በችግርነት አልተመዘገበም፤ ሳሎን ያሉት ሰዎች ስላልደረሰባቸው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ቡፌ ላይ ያለው ዕቃ ትራንስፎርመር ተገዝቶለት፣ ደረሰኞቹ ወጥተውለት፣ ለሚችለው ሥራ ይዋል። ለቅልጥም ቅቅል፣ ለምስርና ለባቄላ ይሆናል፤ መብራት በማይቋረጥበት ቀንና ሰው ቤት ባለበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ቀይ ቦሎቄ ግን አስቀድሞ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በሌላ ድስት በደንብ ሳይንተከተክ አይግባበት፤ በጥሬው ያለው መርዝ በለብታ ሙቀት አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ቁሌቱ በሰፊ ድስት፣ ሳይከደን፣ እንደ ጥንቱ ይሠራ። በብዛት ተሠርቶ ፍሪዘር ቢገባ ለብዙ ቀን ይበቃል። ቁሌቱ ከተዘጋጀ በኋላ ዶሮውን ስሎው ኩከሩ ሊረከብ ይችላል። መሣሪያ ሁለት በዚያ ሰዓት እንድትተኛ ይፈቀድላት።

ሦስተኛ፣ "ዶሮ ወጥ ቀስ ተብሎ ሲሠራ ነው የሚጣፍጠው" የሚል አባወራ ሁሉ ለመጪው ኅዳር 5 ሦስት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ቢላና አንድ ማማሰያ ይሰጠው። ሽንኩርቱን ከትፎ፣ ቁሌቱን አማስሎ፣ ሳይቀምስ አድሮ ጠዋት ላይ ሐሳቡን ካልለወጠ፣ ቃሉ በምስክርነት ይያዝለታል፤ ፈረሰኛውም ይገባዋል።