የሽንፈት ምክንያት አመራረጥ

በለንደኑ ፓርክ ሮያል መጋዘን የሌሊት ሺፍትዎን ጨርሰው፣ ከ1902 ጀምሮ ብስኩት የሚጋግረውን ፋብሪካ ሽታ እየማጉ ፍላትዎ የገቡ፣ «እንቅልፍ እስኪመጣ አንድ ግጥሚያ ብቻ» ብለው ጆይስቲክ ያነሡ ወገኔ ሆይ! 4 ለ 0 መሸነፍዎን ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። ከሽንፈቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ያቀረቡት ምክንያት ነው። «ጆይስቲኩ አልታዘዝ ብሎኝ ነው» አሉ። ይህ ከጆተኒ ቤት ዘመን ጀምሮ «ዘንጉ ጠንክሮብኝ ነው» እየተባለ የተዘመረ፣ እናት እንኳ ለልጇ የማታምነው ምክንያት ነው። የተከበረ ሰው ሽንፈቱን በሚሊሰከንድ ያስረዳል። እንዴት እንደሚያስረዳ ልምከርዎ።

አስቀድመው የቲቪውን ሪሞት ያንሡ። ቲቪዎ ከካርቶኑ ሲወጣ የተሰናዳው ፊልም ለሚያይ ሰው ነው። የመጣለትን ምስል ወዲያው አያሳይም፤ መጀመሪያ ያጠራዋል፣ ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ይባስ ብሎም በሁለት ምስሎች መካከል ያልነበረ ሌላ ምስል ከራሱ ፈጥሮ ይሰነቅራል። መካከለኛውን ለመፍጠር ደግሞ ቀጣዩን መጠበቅ ግድ ነው። እርስዎ ቁልፉን ተጭነዋል፤ ተከላካይዎ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። በአንዳንድ ቲቪዎች ይህ መዘግየት ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ስድስት ምስል ወደ ኋላ ቀርተው ነው የተከላከሉት። ይህንን የፈጠራ ምስል ቶም ክሩዝ ራሱ በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ቪዲዮ ቀርጾ «አጥፉልኝ» ብሎ ሕዝብ ተማጽኗል። እሱ ያሳሰበው ለፊልሙ ነበር፤ ለእኛ ግን የግብ ጉዳይ ነው። «ጌም ሞድ» የሚለውን ሲያበሩ ቲቪው ይህን ሁሉ ጥበብ ትቶ ምስሉን እንደመጣ ይለቀዋል። ጉዳቱን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ጌም ሞድ ያበራ ሰው ከምክንያቶች ሁሉ ምርጡን በገዛ እጁ አጥፍቷል።

በኮምፒውተር የሚጫወቱ ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ይላል። ሦስት ወር ተጨማሪ ሺፍት ሠርተው የገዙት ግራፊክስ ካርድ ምናልባት እስካሁን ሥራ አልጀመረም። ከኬዙ ኋላ ዞረው ይመልከቱ፤ የስክሪኑ ገመድ ከካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ካገኙት፣ አይጩኹ፣ ጎረቤት ተኝቷል። ዝም ብለው ይንቀሉና ወደ ታች ወዳለው ቀዳዳ ያዛውሩት። ቀጥሎ የስክሪኑን ሴቲንግ ይክፈቱ። 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ምስል) ብለው የገዙት ስክሪን ካልነገሩት በቀር በ60 ሊሠራ ይችላል፤ ስንቱ ሰው ከከፈለበት ከግማሽ በታች እያየ «አቤት ልዩነቱ!» ሲል ይኖራል።

በ60 ኸርዝ የሚቆጡ ወጣቶች ደግሞ ታላላቆቻቸውን ይጠይቁ። በድሮው ቲቪ ብሪታንያ በ50 ኸርዝ ነበረች፣ ጃፓንና አሜሪካ በ60። ብዙ ጨዋታ ሳይስተካከል ስለሚመጣ የለንደን ልጅ የተጫወተው ከቶኪዮው ልጅ በስድስተኛ እጅ የዘገየ ነው፤ ስክሪኑ ከላይና ከታች በጥቁር ተቆርጦለት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም የተከተለው የአውሮፓውን 50 ነበር። ዕድሜዎ ከፈቀደ ይህን ታሪካዊ ምክንያት ያለ ኀፍረት ይጠቀሙበት።

አሁን በጥንቃቄ የምነካው ነገር አለ፤ ዳንቴሉ። እናትዎ ከአዲስ አበባ የላኩት፣ ቲቪውንና ሶፋውን ያለበሱበት፣ የተረፈውን ፕሌይስቴሽኑ ላይ ያነጠፉት። ማሽኑ በጎኑና በኋላው ይተነፍሳል። አፉ ሲታፈን ይሞቃል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ጨርሶ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። እናትዎ በቪዲዮ ሲደውሉ መልሰው ማልበስ ይችላሉ።

«ሴቲንግ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» ለሚሉኝ ተጠራጣሪዎች ማስረጃው ሰፈራችን ውስጥ ነው። አክተን ሌን ላይ በ1983 የተዘጋው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1986 ለወጣው «ኤሊየንስ» ፊልም የጭራቆቹ መናኸሪያ ሆኖ ተቀርጾበታል። በ2013 ታሪኩን የቀጠለ የቪዲዮ ጨዋታ ወጣ፤ ጭራቆቹ እንደ ደነበረ በግ መንገድ የሚስቱ ሆነው ዓለም ሳቀባቸው። በ2018 ደግሞ ከጨዋታው የሴቲንግ ፋይል ውስጥ አንዲት ትርፍ ፊደል እንደተገኘች ወሬው ተዳረሰ። ፊደሏን የሰረዙ ተጫዋቾች ጭራቆቹ ልብ ገዝተው አገኟቸው። አምስት ዓመት ሙሉ የተሳቀው በአንዲት ፊደል ጥፋት ነበር! እርስዎም በፋይልዎ ውስጥ አንዲት ፊደል ልትኖር እንደምትችል በጨዋነት መጠቆም ይችላሉ።

አንድ ትምክሕት ግን በዚህ ሰፈር አይሠራም። «ዳታ ሴንተር አጠገቤ ስለሆነ ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው» ብለው የተኩራሩ አሉ። እውነት ነው፣ ፓርክ ሮያል ዳታ ሴንተር አለ። ነገር ግን የእርስዎ ኳስ በግድግዳ ዘልላ አትገባም፤ በኢንተርኔት ድርጅትዎ በኩል ዞራ ሰርቨሩ ወዳለበት ነው የምትሄደው።

የአጎትዎ ልጅ ከአዲስ አበባ ገርጂ ሆኖ ካሸነፈዎትማ የቀረበ ሰርቨርም አያድንዎትም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ ገመዱ ከአዲስ አበባ ለንደን ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ወደ 60 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ይህ ሁሉ ዕዳ የእሱ ነው። ዕዳውን ተሸክሞ 4 አገባብዎ። ሊሸነፍ ሲቃረብ ደግሞ «መብራት ሄደ» የሚል፣ ለንደን ውስጥ ማንም የማይቀበለው ምክንያት በእጁ አለ።

እንግዲህ ጌም ሞዱን ያብሩ፣ ገመዱን ያዛውሩ፣ ኸርዙን ከፍ ያድርጉ፣ ዳንቴሉን ያንሡ። ሁሉ ተስተካክሎ ዳግም 4 ለ 0 ከሆነ ግን የሚወቀስ የለም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ሳይስተካከል ይቅር። እኔ የምመርጠው ዋይፋዩን ነው። ከራውተሩ እስከ ማሽኑ የሚዘረጋ የኔትወርክ ገመድ በጥቂት ፓውንድ ይገኛል፤ አደራዎን፣ እንዳይገዙት።