ነጩን ቀሚስ ማን ያጥበዋል?

አክስቴ ፊልም ሲያዩ የሚያሳስባቸው ታሪኩ ሳይሆን የቤት አያያዙ ነው። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን አብረን ስናይ፣ ዛፍ ላይ በተሠራ ከተማ የምትኖረው እመቤት ጋላድሪየል ነጭ ቀሚሷን እየጎተተች ደረጃውን ስትወርድ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሳቸው ጉልበቴን መታ አደረጉና «አንተ፣ ይኼን የሚያጥበው ማን ነው?» አሉኝ። ሆቢት የተባሉትን አጫጭር ሰዎች ወደዷቸው፤ ግን ቁርስ በልቶ ሌላ ቁርስ የሚደግም ሕዝብ ወጪውን ከየት እንደሚያመጣው ዛሬም አልተዋጠላቸውም። መጨረሻ ላይ ንስሮቹ መጥተው ጀግኖቹን ከእሳቱ መሐል ሲያነሷቸውማ «ይኼ አሞራ ከነበረ ያን ሁሉ አገር በእግር ምን አስኬዳቸው?» ብለው ተቆጡ። የዓለም ተመልካች ለዓመታት የተጨቃጨቀበትን ጥያቄ አክስቴ አቦል ጠጥተው ቶናው ሳይቀዳ ደረሱበት።

አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ወዳጅ አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ፊልም «ከኑሮ መሸሻ» ይለዋል። እሱ ራሱ ለንደንን ረግጦ አያውቅም። ቅዳሜ ማታ ግን እዚያ ያለ አንድ ክለብ ግብ ሲገባበት «ተሸነፍን!» ብሎ እራቱን ሳይበላ ይተኛል። ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ ደራሲ ቶልኪን በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ባቀረበውና ኋላም ባሳተመው ንግግር ለእንዲህ ዓይነቱ ወቀሳ መልስ ሰጥቷል፦ ከእስር ቤት የሚያመልጥና ከጦር ግንባር የሚከዳ አንድ አይደሉም። አከራዩ «ጭማሪ» ሊለው ደጅ ላይ የቆመበት ተከራይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ እተዋለሁ።

መሸሽ መሸሽ ነው እንበል። ሰው ግን ወደ ማንኛውም ጉድጓድ አይሸሽም፤ መጠለያው በደንብ መሠራት አለበት። ኒውዚላንድ፣ ማታማታ አጠገብ ባለ የበግ እርሻ ላይ የሆቢቶቹን መንደር የሠሩት ሰዎች አትክልቱን የተከሉት ካሜራ ከመድረሱ አንድ ዓመት ያህል አስቀድመው ነው፤ ሰው የኖረበት እንዲመስል። የወታደሮቹን የብረት ሸሚዝ፣ ብረት ሳይሆን ከፕላስቲክ ቱቦ የተቆረጠ ነው፣ ቀለበት ከቀለበት በእጅ ሲያያይዙ ኖረዋል። በ2002 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ንጉሥ ቴዎደንን የተጫወተው በርናርድ ሂል እንደተናገረው ደግሞ፣ የጥሩሩ የውስጥ ገጽ ሳይቀር ያጌጠ ነበር። ደረቱ ላይ የተለጠፈውን፣ ካሜራ ሊያየው የማይችለውን ማለት ነው!

ይህን ለአክስቴ ነገርኳቸው። ሽሮ ሜዳ ሄደው የሐበሻ ቀሚስ ሲገዙ ጥልፉን መጀመሪያ ገልብጠው የሚመረምሩ ሴት ናቸው፤ ጀርባው የተዝረከረከ ከሆነ ፊቱን አያዩትም። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ባለሙያ ነው የሠራው» አሉ። ለእኔ ይህ ከኦስካር አያንስም፤ ሦስተኛው ክፍል 11 ኦስካር መውሰዱን ባልክድም።

ከዛሬዎቹ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ግን ብዙዎቹ ሲገለበጡ ጀርባቸው ባዶ ነው። ሰማዩ ሐምራዊ፣ ግንቡ ወርቅ፣ አንድም የተሸራረፈ ደረጃ፣ አንድም ያደፈ እጅጌ የለም። ጥፋቱን በኮምፒውተር ላይ አላሳብብም፤ የታሪኩን አስማተኛ ቀለበት ሲያሳድድ የኖረው ጎለምም ከአንዲ ሰርኪስ ትወና ተነሥቶ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ያን አጥንቱ የወጣ፣ ጥሬ ዓሣ የሚግጥ ፍጡር አክስቴ አንድም ጊዜ «በእውን አለ ወይ?» ብለው አልጠየቁበትም። ቀለበቱን ታቅፎ እሳት ውስጥ ሲገባ እኔ ምድር ዳነች ብዬ ሳጨበጭብ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ምንም አልቀራቸው።

«አስቀድሞ አንድ ሳህን ሽሮ የሚሰጠው ቢያገኝ» አሉኝ፣ «ይኼ ሁሉ ጦርነት ምን ያደርጋል?»