ጋሼ ታዳሽ ጉልቻ አይለውጡም

መጡ! መንገድ ልቀቁላቸው። ዛሬም ያው ዜማ ነው፦ «እንጨቱም፣ ከሰሉም፣ ኩበቱም ታዳሽ ኃይል ነው። ዛፍ መልሶ ይበቅላል። ምን ያንጫጫችኋል?»

ጋሼ፣ ቪዛም እኮ ይታደሳል። ሳያሳድሱት ከቀሩ ግን ይቃጠላል። ዛፍም ያው ነው፤ የሚተካው ካለ ታዳሽ፣ ከሌለ አመድ።

«ባህር ዛፍስ?» ይሉኛል። ባህር ዛፍማ ጀግና ነው! ከአውስትራሊያ መጥቶ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ጭንቅ ያወጣት እሱ ነው። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግን እርስዎ የቆረጡት ወይራ ነው! ያ ወይራ እስኪደርስ የልጅ ልጅዎ ጡረታ ይወጣል። ባህር ዛፍን ምስክር ጠርቶ ወይራን መፍጀት ከየትኛው ችሎት የተማሩት ነው?

«ከሰል ግን አያጨስም።» አያጨስማ! ጭሱን ጫካ ትቶት መጥቶ። በአፈር አዳፍነው ሲያከስሉ ከ5 ኪሎ እንጨት 1 ኪሎ ከሰል ከወጣ ቀኑ ቀንቷል። ቀሪው 4 ኪሎስ? ታክሲ የሚሄድበት እንዳይመስልዎ፤ ሰማይ ላይ ነው።

«ፈረንጁም እንጨት ያነዳል! እንግሊዝ አገር ድራክስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ አላየህም?» አየሁት። እንጨቱ ተፈጭቶ፣ እንክብል ሆኖ፣ ከአሜሪካ በመርከብ ውቅያኖስ ያቋርጥለታል። እነሱም «ታዳሽ ነው፣ አይደለም» እያሉ እየተነታረኩበት ነው። እርስዎ አንድ ጭራሮ ከጓሮ እስከ ማድ ቤት ተሸክመው ያውቃሉ? ይልቅ ወንጂ ወይም ፊንጫ ይሂዱ። አገዳው ተጨምቆ ስኳሩ ለሻይዎ፣ ገለባው እዚያው ለፋብሪካው ቦይለር። ለዚያ ገለባ ተብሎ የተቆረጠ አንድ ዛፍ የለም። ታዳሽ ብለው ቢኮሩ እንዲህ ባለው ነበር።

«ኩበት ደግሞ ነጻ ነው።» ነጻማ ነው፤ እርስዎ አልጠፈጠፉትማ! እበቱን ከበረት የሚዝቁት፣ ከጭድ የሚለውሱት፣ በእጃቸው እየጠፈጠፉ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ባለቤትዎ እትዬ ናቸው። ማሳ ላይ ቢወድቅ ማዳበሪያ ነበር። እርስዎ አንድደውት ያበቁና «ማዳበሪያ ተወደደ!» ብለው ስብሰባ ላይ እጅ ያወጣሉ። ጋሼ፣ የበሉት ወጥ እኮ በእርሻዎ ነው የበሰለው!

ባዮጋዝ የሚባል መላ አለልዎ። እበቱን ከውሃ እኩል በጥብጦ የባዮጋዙ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ነው። ጋዙ ምድጃ ላይ ይነዳል፣ ዝቃጩ ማሳ ላይ ይወርዳል። አንድ እበት ሁለት ደሞዝ በላ ማለት ነው፤ በሙስና የማይጠየቅ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ውሃውን ታዲያ እርስዎ ይቅዱ! እትዬ ማገዶ የተሸከሙበት ይበቃቸዋል።

ይኸው፣ አሁን መጨረሻ ላይ ተረት ሊተርቱብን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!» አጨብጭቡላቸው። ወጡን ማን ነካብዎ? ወሬው የእንጨቱ ነው! ሦስት ድንጋይ ላይ ሲጋገር እሳቱ ከምጣዱ ይልቅ ጎጆውን፣ ከጎጆው ይልቅ የእትዬን ዓይን ነው የሚጠብሰው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ገጥሞ ይዞ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ለከሰሉም በቆርቆሮው ውስጥ ሸክላ ያላት ምድጃ አለች፤ ስሟ ላቀች።

«ከማን ላቀች?» ይላሉ ደግሞ።

ከእርስዎ ነዋ!