ፎቶውስ አለ፤ ያለበት ነው የጠፋው

የዘንድሮ ልጅ ፎቶ ማንሣት እንጂ ፎቶ ማስቀመጥ አያውቅም። እንጀራው ሳይቆረስ ገበታውን ዙሪያውን እየተሽከረከረ ያነሣዋል፤ እኛ ወጡ እስኪቀዘቅዝ እጃችንን ታጥበን እንጠብቃለን። ዓመት ቆይተህ «እስኪ የዚያን ቀን ፎቶ አሳየኝ» ስትለው ግን አውራ ጣቱ መስታወቱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ያመሻል። «አለ እኮ አባባ፤ እዚሁ ነበረ» ይልሃል። መኖሩን ማን ካደ?

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከሆኑ ስንት ዘመን አልፎ እንኳ፣ በእኔ ጉርምስና ፎቶ ቤት መሄድ ልብስ የሚተኮስበት ትልቅ ጉዳይ ነበር። ባለ ካሜራው «አትንቀሳቀስ» ይልሃል፤ ትንፋሽህን ውጠህ ትቆማለህ። ዓይንህን ከጨፈንክ እንደጨፈንክ ለልጅ ልጅ ትተላለፋለህ፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣም ዝም ተብሎ አይቀመጥም፤ ጀርባው ይጻፍበታል።

አንዱ ይኸው ከፊቴ አለ። ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ አንድ ጥጉ የታጠፈ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አራት ጎረምሶች የእድገት በኅብረት ዘመቻን ልብስ ለብሰን ተገትረናል። ስገለብጠው በሰማያዊ ቢክ «ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ ለዘመቻ ልንወጣ ስንል፤ ከግራ ወደ ቀኝ» ይልና የአራታችን ስም ከነአባታችን ተደርድሯል። ከሥሩ «ለማስታወሻ ያህል» ይላል። ይኸው ነው የእኔ ሰርች። ባትሪም ኔትዎርክም አይጠይቅም።

በ2016 ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። አልበሞቹን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልዬ ያን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት ራሴ ነኝ። የልጅ ልጄ አየኝና «አባባ፣ ይኼን ሁሉ ወረቀት ከሚያቅፉ ዲጂታል ላድርግልዎት» አለ። ስካን የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አልበሙን መስኮት ሥር ዘርግቶ በስልኩ ቀጭ ቀጭ ያደርገው ጀመር። ጀርባቸውን ግን አንዱንም አላነሣም!

ስልክ ደግሞ የሚያውቀው ቁልፉ የተጫነበትን ቀንና ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1967 ፒያሳ የተነሣሁት ፎቶ፣ በማሽኑ መዝገብ «2025፣ ቦሌ አራብሳ» ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ ለዘመቻ ስወጣ ይኼ ሰፈር እርሻ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም የሚባል ቃልም አገሩ ላይ አልነበረም። ማሽኑ ግን በሃያ ዓመቴ እዚህ አስፍሮኛል፤ ያውም ያለ ዕጣ!

በዚህም አላበቃም። ማሽኑ ፊት ይለያል አሉ። ፊቶቹን ሲለይ ያንን ዘማች ጎረምሳ ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ሰው አደረገውና በስሙ ፎልደር ከተተው። ተመሳስለናል፣ አልክድም፤ አፍንጫው የእኔ ነው። ግን ከሱቅ ዳቦ ግዛ ሲሉት እግሬን አመመኝ የሚል ልጅ፣ በአንድ ሌሊት እድገት በኅብረት ዘመተ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር አታንሡብኝ። የአንድ ዘመድ ልጅ በጥር 2016 ተዳረች፤ በኅዳር 2017 ወንድ ልጇን ክርስትና አስነሣች። በእኛ ቁጥር ሰርጉ በአንዱ ዓመት፣ ክርስትናው በሚቀጥለው ነው፤ ማንም ምንም አይልም። ማሽኑ ግን ሁለቱንም «2024» በሚል አንድ ፎልደር ጎን ለጎን ደረደራቸው። አሁን ያንን የከፈተች ጎረቤት ሁሉ በጣቷ ወር መቁጠር ትጀምራለች። በአንጻሩ የ2017 መስቀልና የ2017 ጥምቀት፣ የአንድ ዓመት በዓላት ሆነው ሳለ፣ አንዱ «2024» ሌላው «2025» ተብለው ተለያዩ። ጳጉሜንማ ጨርሶ ቤት የላትም፤ ሕፃናቱ በሩፋኤል ዝናብ ሲራጩ የተነሡት «ሴፕቴምበር» ተብሎ ከእንቁጣጣሽ ጋር ተደባልቋል።

ለዚያው ሰርግ ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ትልቅ ካሜራ አንግቶ ነበር። ስልክ ሰዓቱን ከደረሰበት አገር ጋር ራሱ ያስተካክላል፤ ካሜራ ግን ባለቤቱ ካልነካካው በአሜሪካ ሰዓቱ ይቀጥላል። በጥር ደግሞ ዋሽንግተን ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የሁሉም ፎቶ በሰዓት ተራ ሲደረደር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት የተቆረሰው ኬክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተቆርሶ ተገኘ። ሙሽራይቱ ኬኳን ቆርሳ፣ ጨፍራ፣ ደክሟት፣ ከዚያ በኋላ ከአባቷ ቤት ስታለቅስ ትወጣለች። ልቅሶዋ ገና አሁን ገባኝ።

እሺ፣ ማሽኑ አገራችንን አያውቅም እንበል። ልጆቹስ? ላፕቶፑን ክፈቱና እዩ። «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ኒው ፎልደር 3»፣ ከዚያ «የአባባ»፣ ከዚያ «የአባባ የመጨረሻ»፣ ከዚያ «የአባባ የእውነት የመጨረሻ»። እኔ በሕይወት እያለሁ የመጨረሻዬን ስንት ጊዜ ነው የሚጽፉት? «ወ/ሮ» ብዬ የባለቤቴን ፎልደር ልሰይም ስል ዊንዶውስ እምቢ አለኝ፤ ያቺን እዝባር በስም ውስጥ አይቀበልም። ኃ/ማርያምም ዓ/ምም እንደዚሁ ከደጅ ይመለሳሉ። እኅቴን ልፈልግ «ፀሐይ» ብዬ ስጽፍ «የለችም» ይለኛል፤ የልጅ ልጄ «ጸሃይ» ብሎ ነዋ ያስገባት! እኛ ብንጽፈው አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን ፊደሉ ከተለየ ሰውዬው ተለየ።

ቴሌግራም ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የተነሣበት ቀንና ቦታም ከላዩ ይወድቃል። «እንደ ፋይል ላኩት» እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ፤ ማን ይሰማል? ያው አንድ ፎቶ በቤተሰብ ግሩፕ፣ በእድር ግሩፕ፣ በማኅበር ግሩፕ ይዞራል፤ የደረሰው ሁሉ ያስቀምጠዋል፤ በየዙሩ ስም ቀይሮ ይመለሳል። ከዚያ «ሜሞሪ ሞላ» ይባላል። ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነጻ ማስቀመጡን ያቆመው ግንቦት 24 ቀን 2013 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ያውም ከኢሜይሉ ጋር ተካፍሎ። ልጆቹ መፍትሔ ያሉት ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ መግዛት ነው። ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ አለች ድመት፤ ለእኔ እንደሆን አንድም ፎቶ አልወጣልኝም።

እኔ ግን መላውን ከገዛ ደረጃዬ ላይ አገኘሁት። የአራብሳ ሕንጻዎች ሁሉም አንድ መልክ ናቸው፤ ባለ ባጃጁ ግን እንግዳዬን በሬ ድረስ ያመጣዋል። ለምን? ሳይት፣ ብሎክ፣ ወለል፣ የቤት ቁጥር ስላለ፤ ሰፊው ይቀድማል፣ ጠባቡ ይከተላል። ወረዳው ቀደም ሲል ከቦሌ ወጥቶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲገባ እንኳ የቤት ቁጥሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ፎቶም እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ዓመቱ ይቅደም፣ ወሩ ይከተል፣ ቀኑ ይሠልስ፣ ከዚያ ጉዳዩና ቦታው፦ «2017-05-11 ጥምቀት ጃንሜዳ»። ቀን ካስቀደማችሁ የዓመቱ ሁሉ 11ኛ ቀን አንድ ላይ ይንጋጋል። ለጳጉሜን «13» ብላችሁ ጻፉ፤ ማሽኑ በራሱ ካላንደር 13ኛ ወር ባያውቅም፣ በፎልደር ስም ላይ እንዳትጽፉ የሚከለክላችሁ የለም። የስም አጻጻፍም አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ። የአሮጌ ፎቶ ቀን በስልኩ ውስጥ ይታረማል፤ አርሙት።

ወጣት ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የተነሡ ወጣቶች የከተማውን ሰው የቤት አልበም እየዞሩ ሰብስበው፣ ስካን አድርገው፣ መጽሐፍ አወጡበት። አልበሙን ወስደው ብቻ አልሄዱም፤ የፎቶውን ታሪክ ከባለቤቱ ጠየቁ። እነዚያ የማያውቁትን የሰው አያት ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ የእኔዎቹ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይተውኝ «በኋላ አባባ» ይላሉ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የፎቶው ማሽን ቀን ሊሳሳት ይችላል፤ ቀን ይታረማል። «ይኼ ከግራ ሁለተኛው ማነው?» የሚለውን ግን የሚመልስ መተግበሪያ የለም፤ የሚመልሰው እኔ ነኝ፣ እኔም ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት በዚህ እሑድ አንድ እስክሪብቶና አንድ ደብተር ይዛችሁ በቤታችሁ ካለው ሽማግሌ ወይም አሮጊት አጠገብ ተቀመጡ። የፎቶውን ጀርባ አስቀድማችሁ አንሡ፤ ባዶ ከሆነ ጠይቃችሁ ስሙን ከነአባቱ ጻፉ። ቡናውን እኛ እናፈላለን፤ ስልኩን ብቻ አስቀምጡት።